ሃያ አራት እርምጃ ወደ ምሥራቅ

በርገን፣ ጥር 12 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሼ ሚልኬሳ፣

የጌታ ሰላም ከደጅዎ አይራቅ። ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? ጆሮዎ ስልክ መስማት እምቢ ካለ ወዲህ ወሬዬን ሁሉ ለወረቀት አጠራቅማለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ አሁንም እዚያው የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምሠራው። እዚህ ዝናቡ ዓመቱን ሙሉ ሐምሌ ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ዘንድሮም መምጣት አልችልም። ይህን ለእናቴ እንዴት አድርገው እንደሚነግሯት እርስዎ ያውቃሉ።

ዛሬ ግን ደስ የሚል ወሬ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ቤተ መጻሕፍት ካርታ መሣል እየተማርኩ ነው። ካርታው ኢንተርኔት ላይ ያለ ነው። ማንም ሰው ያገሩን መንገድና ወንዝ ይሥልበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ከሳተላይት የተነሣ ፎቶ ተነጥፏል። ባለፈው ቅዳሜ ከአምቦ ተነሥቼ የወንጪን አቅጣጫ ይዤ በጣቴ እየተጓዝኩ ቡርቃ ጉዲና ደረስኩ። ጋሼ፣ ቤታችንን አገኘሁት። ቆርቆሮው ያበራል። በጅረቱና በጎረቤታችን በኦቦ መርጋ ባሕር ዛፍ መካከል አባቴ ያረፈበት አጥር ከነጥዱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። አለቀስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ፖላንዳዊት መሐረቧን ሰጠችኝ።

የመቃብሩን ዙሪያ በመስመር ከበብኩና «የሆርዶፋ መቃብር» ብዬ ጻፍኩበት። ከእንግዲህ ዓለም ሁሉ ያየዋል። ፎቶውን አሳትሜ ልኬያለሁ፤ ለእናቴ ያሳዩልኝ። ምን እንዳለች ይጻፉልኝ።

ልጅዎ መቲ

—

ቡርቃ ጉዲና፣ የካቲት 21 ቀን 2003 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለመቲ ሆርዶፋ፣

አከም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ቤተ ዘመዱ ሁሉ ሰላም ይልሻል፤ ላሟም ብትጽፍ ሰላም ትልሽ ነበር። በኦሮምኛ፣ በቁቤው ፊደል ጻፍልኝ ትይኝ ነበር፤ እኔ ግን ባኮ ላይ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት በዚህ ፊደል ነውና እጄ እሺ አላለኝም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔማ ጭራሽ ቤቱን ለቆ ሄዷል።

ፎቶሽን ለእናትሽ አሳየኋቸው። አዴ ድንቅቱ መጀመሪያ ገልብጠው ያዙትና የማን ድሪቶ ነው አሉኝ። አቃንቼ፣ ይኸው ጥዱ፣ ይኸው አጥሩ ብዬ ጣታቸውን አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ «የእኔስ ቦታ የታለ?» አሉ። ታውቂዋለሽ፤ አባትሽ በተቀበረ ማግሥት በእጃቸው ድንጋይ ያኖሩበት፣ በግራው በኩል ያለው ነው። እግራቸው ከከዳቸው ወዲህ ወጥተው አያዩትም፤ ግን በየቀኑ ይጠይቁኛል። ከወንድሜ ከሆርዶፋ ጎን ከመተኛት በቀር ከዚህ ዓለም የቀራቸው ጉዳይ የለም።

ስለዚህ ጉዳይ የምጽፍልሽ ነገር አለኝ። አዲስ መንገድ ሊሠራ ነው ብለው ቀያሾች መጥተው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተክለዋል። መስመሩ የሚያልፈው በመርጋ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው፤ ጠርዙ ግን የመቃብራችንን አጥር ይነካል ተባለ። መቃብር ያለው ሰው ቦታውን በቁጥር ለይቶ፣ ቤተ ዘመድ ፈርሞ፣ የቀበሌ ማኅተም አስመትቶ እስከ ግንቦት መጨረሻ ካስገባ መንገዱን ፈቀቅ ያደርጉለታል። የግብርና ሠራተኛው ፉፋ ለአንድ ቀን ጂፒኤሱን አዋሰኝ። የአጥሩን አራት ማዕዘን ዞሬ በየማዕዘኑ ቆሜ ቁጥሩን ጻፍኩ። አላመንኩምና ሁለተኛ ዞርኩ፤ ያው ነው። ቁጥሮቹን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። በፎቶሽ ላይ አድርገሽ በቀለም አሳትሚልኝ። የቢሮ ሰው በቀለም የታተመ ነገር ያከብራል።

አጎትሽ ሚልኬሳ

—

በርገን፣ መጋቢት 28 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለጋሼ ሚልኬሳ፣

ሰላምና ጤና ከእርስዎ ጋር ይሁን። ደብዳቤዎ በደረሰኝ ቀን ሥራ ቀርቼ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ።

ጋሼ፣ እንዳይቆጡኝ። ቁጥሮችዎን ካርታው ላይ ሳስገባቸው አራቱም ጅረቱ ውስጥ ገቡ። ጥዱ ያለበት አጥር ከእነሱ ወደ ምሥራቅ ሃያ ሜትር ያህል ርቆ ይታያል። ደጋግሜ አየሁት። ሰው ወንዝ ውስጥ አይቀበርም፤ ስለዚህ ወይ የፉፋ መሣሪያ አርጅቷል፣ ወይ ቁጥሩ ሲገለበጥ ተሳስቷል። የእርስዎን ድካም አውቃለሁ፤ ፎቶው ግን ከሰማይ የተነሣ ነው፤ ሊዋሽ አይችልም።

ስለዚህ አራቱን ማዕዘኖች ከፎቶው ላይ፣ በአጥሩ ልክ፣ እኔው አነበብኩና አረምኳቸው። አምስት የቀለም ቅጂ ልኬያለሁ፤ አዲሶቹ ቁጥሮች ከሥር አሉ። የመጀመሪያዎቹን ይተዉአቸውና እነዚህን ያስገቡ። ለእናቴ ቦታዋን በቀይ ነጥብ ምልክት አድርጌላታለሁ፤ ቁጥሩንም ከጎኑ ጽፌያለሁ።

ልጅዎ መቲ

—

ቡርቃ ጉዲና፣ ሚያዝያ 30 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ ለመቲ፣

ሰላምታዬ ባሕር ተሻግሮ ይድረስሽ። ወረቀቶችሽ ሳይታጠፉ ደረሱ። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ አየ። እናትሽ ቀይ ነጥባቸውን በጥፍራቸው ሊፍቁት ሲሉ ከልክዬ ትራሳቸው ሥር አኖርኩላቸው።

ጅረት ውስጥ ገብተሃል ማለትሽ ትንሽ አስቆኛል፤ የዚያን ቀን ጫማዬ አልረጠበም ነበር። ሁለቴም የዞርኩት አጥሩን ተደግፌ ነው። ግን ዓይኔም እንደ ጆሮዬ ሊከዳኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ካርታ በሚሠራበት አገር ከምትኖር ልጅ ጋር ሽማግሌ ምን ይከራከራል? የራሴን ቁጥሮች በእስክሪብቶ ሰርዤ ያንቺን አስገባሁ። እኔ ፈረምኩ፣ ሁለት የአጎት ልጆች ፈረሙ፣ ማኅተሙ ተመታ፣ መዝገብ ቤት ገባ። ጸሐፊው እንዲህ ያለ የጠራ ሥራ ከዚህ ወረዳ አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ኮራሁ።

ፉፋ ብቻ ፎቶው ከመሬቱ ጋር መግጠሙን በድልድዩ ወይም በሌላ በታወቀ ቦታ አመሳክራችኋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የመሣሪያው ስም ስለጠፋበት ቅር ብሎት ነው ብዬ ተውኩት። እናትሽ አሁን ደህና ይተኛሉ።

አጎትሽ ሚልኬሳ

—

በርገን፣ ሰኔ 4 ቀን 2003 ዓ.ም.

ጋሼ፣

ሰላምታዬን ሳላሟላ በመጀመሬ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። የፉፋን ጥያቄ ወረቀት ላይ ገልብጬ ያዝኩ። ዛሬ አስተማሪዬን ጠየቅሁት። ፎቶው ራሱ ይንሸራተታል አለኝ። ተራራና ሸለቆ ባለበት አገር ከላይ የተነሣው ፎቶ መሬት ላይ ሲነጠፍ በቦታው አይወድቅም፤ አንዳንዴ ሃያ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስታል። ስለዚህ ካርታ የሚሥል ከመሣሉ በፊት ሰው በእግሩ ሄዶ የለካውን ያስቀምጥና ፎቶውን እየገፋ ከዚያ ጋር ያገጥመዋል። እኔ የተገላቢጦሽ አደረግሁት። እርስዎ የረገጡትን ወደ ፎቶው ገፋሁት። ይህ ትምህርት የተሰጠው ሥራ ገብቼ ባመለጠኝ ቅዳሜ ነበር።

አምቦ ወደ አብዱልወሀብ ሱቅ ሦስት ጊዜ ደወልኩ። ሚስቱ ሹኩሪያ አንሥታ፣ በቅዳሜው ገበያ ከቡርቃ ጉዲና ለሚመጣ ሰው እነግራለሁ ብላኛለች። የመጀመሪያው ወረቀትዎ ነው እውነቱ፤ ያንን ያስገቡ። በፉፋ መሣሪያም የድልድዩን ቁጥር ወስደው ይላኩልኝ፤ ምን ያህል እንደሳትኩ በእሱ ይታወቃል። እባክዎ ይፍጠኑ።

መቲ

—

ቡርቃ ጉዲና፣ ነሐሴ 9 ቀን 2003 ዓ.ም.

ለልጄ ለመቲ፣

ጌታ ያጽናሽ። ክረምቱ በርትቷል። የሹኩሪያ መልእክት በሰኔ መጨረሻ ደረሰኝ። በማግሥቱ የተሰረዘውን ወረቀቴን በንጹሕ ገልብጬ ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አየና ለአንድ መቃብር ሁለት ቦታ ሊኖር ስለማይችል አንደኛው ሐሰት መሆን አለበት አለኝ። አዎ፣ በቀለም የታተመው ነው አልኩት። አላመነኝም፤ የመርጋ ዛፍ በመንገዱ ተወስዶ ካሳ እንዲከፈል ሽማግሌው ከእሱ ጋር ተመካክሮ ሊያጭበረብር ነው ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ለማንኛውም ፋይሉ ወደ በላይ ቢሮ ተልኳል፤ ከመስቀል በኋላ ተመለስ ተባልኩ።

የድልድዩ ቁጥር ይኸው። ከፉፋ ጋር መሐሉ ላይ ቆመን ነው የወሰድነው። እናትሽ ትንሽ ያስላቸዋል።

አጎትሽ

—

በርገን፣ ጥቅምት 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለጋሼ ሚልኬሳ፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሰዎ። የድልድዩን ቁጥር ካርታው ላይ አስቀመጥኩት። ከድልድዩ ወደ ምዕራብ ፈቀቅ ብሎ ወደቀ፤ ልክ መቃብሩ ጅረት ውስጥ እንደወደቀው፣ በዚያው ርቀት። እርስዎ አንድ ሜትር እንኳ አልተሳሳቱም። እኔ የላክኋቸው ቁጥሮች መሬት ላይ ሲፈለጉ የሚገኙት ከአባቴ በስተምሥራቅ፣ በኦቦ መርጋ ባሕር ዛፍ ውስጥ ነው።

ይህንን አሳትሜ ልኬያለሁ፤ አስተማሪዬም ፈርሞበታል። ቢሮው ምን አለ? እናቴ እንዴት ናት? በአንድ መስመርም ቢሆን ይመልሱልኝ።

መቲ

—

በርገን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2004 ዓ.ም.

ጋሼ፣ የጥቅምቱ ደብዳቤዬ አልደረሰዎትም ይሆን? አብዱልወሀብ ጋ ደወልኩ፤ ደህና ናቸው ብቻ አለኝና የእቃ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ሰው እንዲህ የሚያደርገው ሲደብቅ ነው። እባክዎ።

መቲ

—

ቡርቃ ጉዲና፣ የካቲት 17 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

ጌታ በጥላው ሥር ያኑርሽ። ስለዘገየሁ አትቀየሚኝ። እናትሽ በኅዳር ሳንባቸውን ታመው አምቦ ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን አብሬያቸው ተኛሁ። አሁን ቤታቸው ናቸው፤ አጥሚት ይጠጣሉ። ጤፉ ዘንድሮ ጥሩ ነበር። ጥቁሯ ላም ወለደች፤ ወንድ ጥጃ ነው። የፉፋ ሚስት መንታ ተገላገለች።

መንገዱ ሥራ ላይ ነው። ከእንግዲህ ፎቶም ካርታም አትላኪ፤ ፖስታው ይከብዳል። ስለ ራስሽ ብቻ ጻፊልኝ። ትዳርሽስ እንዴት ነው፣ አልታሰበም? እናትሽ ይጠይቃሉ።

አጎትሽ ሚልኬሳ

—

በርገን፣ የካቲት 30 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለጋሼ ሚልኬሳ፣

ሰላም ለቤትዎ። ዓመት ሙሉ በጻፍኩ ቁጥር ስለ ላሟና ስለ ጤፉ መለሱልኝ፤ እኔም እንዳልገባኝ ሆኜ ስለ ዝናቡ ጻፍኩልዎ። ከዚህ በላይ ግን አልችልም።

በዚህ ሳምንት ካርታው ላይ አዲስ ፎቶ ተተካ። ይኼኛው ገጥሟል። የእርስዎን የድልድይ ቁጥር ሳስቀምጥ መሐል ድልድዩ ላይ አረፈ። መንገዱ አልቋል፤ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሰሜን ቀጥ ብሎ ይመጣና የእኛ ቦታ ሲደርስ ወደ ጅረቱ ይታጠፋል፤ ኦቦ መርጋን ካለፈ በኋላ ተመልሶ ቀጥ ይላል። እኔ የሣልኩት «የሆርዶፋ መቃብር» ባሕር ዛፉ ላይ ተቀምጧል፤ አንድ ቅጠል አልተነካም። የእርስዎን የመጀመሪያ አራት ቁጥሮች አስገባኋቸው። አራቱም መንገዱ ውስጥ ናቸው። ጥዱ የለም።

ጋሼ፣ መንገዱ እዚህ ጋ ለምን ታጠፈ? ያወቅሁት ይመስለኛል። ግን ከእርስዎ አፍ መስማት እፈልጋለሁ።

መቲ

—

ቡርቃ ጉዲና፣ ሰኔ 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለልጄ ለመቲ ሆርዶፋ፣

የኀዘንተኞች አምላክ ከጎንሽ ይቁም። መርዶ በፖስታ አይላክም፤ ስለዚህ እዚያ ላሉት ለቤተ ክርስቲያንሽ ሽማግሌዎች አስደወልኩ። ማለዳ ተሰብስበው መጥተው እንደነገሩሽ፣ ሦስት ቀንም አብረውሽ እንደተቀመጡ ሰምቻለሁ፤ አመስግኚልኝ፤ ገለቶማ በይልኝ። እናትሽ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሳይጨነቁ ዐረፉ። አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስልሽ። ለሕመምተኛ የሚደበቅ ነገር ነበር፤ እሳቸው ከሄዱ የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

መንገዱ የታጠፈው በእኛ ወረቀት ነው። ከመስቀል በኋላ ቢሮ ተመልሼ ነበር፤ ማኅተም የተመታበት አይቀየርም ብለው መለሱኝ። በፊት በተተከለው ችካል ቢቀጥል ኖሮ አጥሩን ነክቶ ያልፍ ነበር፤ መቃብሩን አይነካም ነበር። ባሕር ዛፉ መቃብር ነው ብለን ስለፈረምን እሱን ሊያተርፉ ወደ ጅረቱ ፈቀቅ አሉ። ዶዘሩ የመጣው እኔ ከእናትሽ ጋር ሆስፒታል በነበርኩበት ሳምንት ነው። ጎረቤት ወጥቶ ጮኋል፤ መርጋም ፊት ለፊት ቆሟል። ሹፌሩ ማኅተም ያለበትን ወረቀት አሳያቸው። የሟች ወንድም የፈረመበት ነው፤ ማን ከእሱ በላይ ያውቃል? የጥንት መቃብር መሬት ከመሬት ተስተካክሎ፣ ከጥቂት ድንጋይና ከአንድ ጥድ በቀር ምን ምልክት አለው? ስመለስ አፈሩ ተገፍቶ ጅረቱ ዳር ተከምሯል። ሦስት ቀን በአካፋ ፈለግሁ። ስላገኘሁት ነገር አልጽፍልሽም፤ ብዙም አላገኘሁም።

ለእናትሽ አልነገርኳቸውም። ቦታዬ ተዘጋጅቷል ወይ ሲሉኝ፣ ተዘጋጅቷል እላለሁ። ሰባ ዓመት ውሸት ሳልለምድ ኖሬ በየቀኑ ዋሸሁ። መንገዱ ተከፍቶ የጭነት መኪናዎች መመላለስ ሲጀምሩ፣ አንድ ቀን አልጋቸው ላይ ሆነው ብዙ አዳመጡና «ሚልኬሳ፣ የመኪናው ድምፅ የሚመጣው በሆርዶፋ በኩል ነው» አሉኝ። እኔ ደንቆሮ ነኝ፤ ያልሰማሁ መስዬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ቦታቸው ጠይቀውኝ አያውቁም።

ባረፉ ዕለት የት እንደምንቀብራቸው ጨንቆን ተቀመጥን። የቤተ ክርስቲያኑ ቦታ አምቦ ነው፤ ከሆርዶፋ ይርቃል። ያን ጊዜ መርጋ መጣ። መቃብር ያለበት ነው ተብሎ ዛፉን እንዳይቆርጥ ከልክለውት ነበርና ሁለት ዓመት ሙሉ የራሱን ባሕር ዛፍ እንደ ሰው ዕቃ ሲያየው ኖሯል። ቆመና እንዲህ አለ፤

«ይህ መሬት የዳነው በእናንተ ሙታን ስም ነው። ወረቀቱ መቃብር ነው ይላል፤ መቃብር ይሁን። ቅበሯቸው።»

ሦስት ዛፍ ቆርጦ ቦታ አወጣ። አንቺ በላክሽው ወረቀት ላይ ቀይ ነጥብ ያደረግሽበትን ቁጥር ፉፋ በጂፒኤሱ ፈለገው፤ እዚያው ላይ ቆፈርን። ፎቶውንም ከትራሳቸው አውጥቼ አብሬ አስገባሁት።

ጥፋቱን ብቻሽን እንዳትሸከሚ። አንቺ በሩቅ ሆነሽ ያየሽውን ጻፍሽ። እኔ ግን በእግሬ የረገጥኩትን፣ በእጄ አጥሩን ይዤ የለካሁትን፣ ከሰማይ የመጣ ይበልጣል ብዬ በገዛ እስክሪብቶዬ ሰረዝኩ። ልጆችን ሠላሳ ዓመት መልሳችሁን አመሳክሩ ስል የኖርኩ ሰው ነኝ።

ፉፋ እንደነገረኝ የተሳሳተ ካርታ የሣለ ሰው መልሶ ማጥፋት ይችላል። የሣልሽውን አታጥፊው። አሁን ልክ ሆኗል። የአባትሽን ስም ብቻ አንሺና የእናትሽን ጻፊበት።

ከቀብሩ መልስ ሰዉ ሲበተን እኔ ቀረሁ። ከእናትሽ መቃብር እስከ መንገዱ መሐል፣ አባትሽ እስከነበረበት ድረስ፣ በእርምጃ ለካሁት፤ ሃያ አራት ነው። መኪና እስኪያልፍ ቆሜ ጠበቅሁና ሁለተኛ ለካሁት። ያው ነው።

አጎትሽ ሚልኬሳ